ሚስት፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፦ በቡናው አገር አንድ ቤተሰብ በሕግ ምን ይገባዋል?

በቴፒ ዙሪያ ባለ ሰፊ የቡና እርሻ ውስጥ ተቀጥሮ 9 ዓመት የሠራ አንድ አባወራ አረፈ እንበል። ሚስት አለችው፤ ከእሷም ሁለት ልጆች ወልዷል። ከጋብቻው በፊት ሚዛን ተፈሪ ላይ የወለደው ሌላ ልጅም አለ። ትቶት የሄደው በደብተር የተመዘገበ ግማሽ ሄክታር የቡና ማሳ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ላሞች፣ ጥቂት የንብ ቀፎዎችና ከአሠሪው ያልተቀበለው ደመወዝ ነው። የሐዘን ድንኳኑ ሳይነሣ የሟች ወንድም «ማሳው የአባታችን ነው፤ ከቤተሰብ አይወጣም» ይላል። ጎረቤት ሚስቲቱን «አይዞሽ፣ የባልሽ ወራሽ አንቺ ነሽ» እያለ ያጽናናታል። የሚዛኑን ልጅ ስሙን የሚያነሣ የለም።

ምሳሌው የሐሳብ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ግን በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ብዙ ነው። ወንድምየው የሚለው በሕግ አያስኬደውም። የሚዛኑ ልጅም ሊረሳ አይገባውም። የሚያስገርመው ሚስቲቱን ያጽናኗት ሰዎች ያሉትም ትክክል አለመሆኑ ነው። በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ቃላቸው ሥራ ላይ ከዋለ ግን ሴትዮዋን ይጎዳታል። እንዴት እንደሚጎዳት በቁጥር እናየዋለን።

ሰው በእነዚህ ጉዳዮች መብቱን የሚያጣው ሕግ ስለሌለ አይደለም። የጋብቻውን፣ የውርሱንና የሥራውን ጉዳይ አንድ ላይ ደባልቆ ስለሚያያቸው፣ ሦስቱም የየራሳቸው ቀነ ገደብ እንዳላቸው ሳያውቅ ጊዜው ስለሚያልፍበት ነው።

በመጀመሪያ የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው? አካባቢው ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ነው። ከዚያ በፊት በደቡብ ክልል ውስጥ ስለነበረ የቤተሰብ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 75/1996፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 110/1999 ሲዳኝ ቆይቷል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ስለሚችሉ የአንቀጽ ቁጥር ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል። እዚህ የምጽፈው በሕገ መንግሥቱና በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ ያሉትን ዋና ዋና ደንቦች ነው። ውርስ በመላው አገሪቱ የሚመራው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የቅጥር ጉዳይም እንዲሁ በመላው አገሪቱ አንድ ሕግ አለው፤ እሱም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

ወደ ሚስቲቱ እንመለስ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደሉም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሴቲቱ ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት ግን አይደለም። በጋብቻው ዘመን የተፈራው ሀብት የሁለቱም የጋራ ሀብት ነው፤ ባል ሲሞት ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሷ ስለሆነ ተነሥቶ ይሰጣታል። ይህ ውርስ አይባልም፤ የራሷ ንብረት ነው። ወራሾች የሚካፈሉት የቀረውን የሟች ግማሽ ብቻ ነው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ እንዲህ ነው። ቤቱ፣ ላሞቹ፣ ቀፎዎቹና ማሳው ላይ ያለው የቡና ተክል ዕዳ ተቀንሶ 600,000 ብር ተገመተ እንበል፤ ሁሉም የተገኘው በጋብቻ ውስጥ ነው። በሕጉ መሠረት 300,000 ብር የሚስቲቱ ነው። ቀሪው 300,000 ብር ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈልና ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር ይደርሳቸዋል። «ወራሽ ነሽ» ባሏት ሰዎች አካሄድ ቢሄዱ ግን ሽማግሌዎቹ 600,000ውን ብር ለአራት ያካፍሉና ለእሷ 150,000 ብር ይሰጧታል። ያጽናናት የመሰላት ቃል የሀብቷን ግማሽ አሳጣት ማለት ነው። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ሽማግሌ ፊትም ሆነ ችሎት ፊት መጀመሪያ የምትጠይቀው «የጋራ ሀብታችን ይለይልኝ» ብላ ነው። የውርስ ክፍፍሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቤቱ በእሱ ስም ነው የተመዘገበው» የሚል መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እንደ ጋራ ሀብት ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙም ያለው «የግል ነው» በሚለው ወገን ላይ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ሀብት ነው። በሌላ በኩል የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን አንዱ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። ባል ቤቱን ሚስት ሳታውቅ ቢሸጠው ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። በፌዴራሉ ሕግ ይህን ማድረግ ያለባት ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ ነው።

የጋብቻ ወረቀት የሌላትስ? ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በአካባቢው ባህል ሊፈጸም ይችላል፤ ሦስቱም በሕግ ይጸናሉ። ወረቀት ባይኖርም ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደነበር ዘመድና ጎረቤት ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችም በፌዴራሉ ሕግ ግንኙነታቸው ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ቡናው አገር መጥተው እዚያው ጎጆ ለቀለሱ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ልጆቹ። የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወንድ ከሴት፣ ታላቅ ከታናሽ፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ አይበላለጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከሌሎቹ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በውርስ እኩል መሆናቸውን በግልጽ ያስቀምጣል። በአካባቢው ባሉ ብዙ ቤተሰቦች «እሷማ አግብታ ሌላ ቤት ሄዳለች» እየተባለ ሴት ልጅ ከአባቷ ውርስ ስትገለል ኖራለች። ይህ ልማድ በሕግ ፊት አንዳች ዋጋ የለውም። ያገባች ሴት ልጅ ካላገባ ወንድሟ ጋር እኩል ትካፈላለች።

የሚዛኑ ልጅ ማሳየት ያለበት ነገር ቢኖር አባትነቱን ነው። የልደት ምዝገባ፣ ሟች በጽሑፍ የሰጠው የልጅነት ቃል ወይም ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል። አባት በሕይወት እያለ ልጁን በቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ ቢያስመዘግብ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይነሣም ነበር። ዛሬም ጊዜ ያላችሁ አባቶች ይህን አድርጉ።

የሟች ወንድምስ? ሟች ልጆች ካሉት ወንድምና እኅት፣ አባትና እናትም ቢሆኑ፣ ያለ ኑዛዜ ከውርሱ ምንም አያገኙም። ልጅ ከሌለ ወላጆች ይወርሳሉ። ወንድምና እኅት የሚደርሳቸው ወላጅ ቀድሞ ሲሞት በእሱ ምትክ ነው። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅም ቢኖር የእሱ ልጆች በአባታቸው ቦታ ገብተው ድርሻውን ይወስዳሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የማሳው ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው የሚያጣላውም እሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። በዚህ ምክንያት የገጠር መሬት እንደ ላምና እንደ ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውርስ ደንብ ብቻ አይከፋፈልም፤ የገጠር መሬት ሕጎችም ይመሩታል። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ መብት በውርስ የሚተላለፈው ለቤተሰብ አባል ነበር፤ ይህም ከባለይዞታው ጋር አብሮ እየኖረ በእርሱ መተዳደሪያ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ያ አዋጅ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ስለዚህ የመሬት ውርስ ያለበት ሰው በሥራ ላይ ያለውን ደንብ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይጠይቅ። ከተማ ገብቶ ደመወዝተኛ የሆነው ልጅና ማሳው ላይ እያረመ የሚኖረው ልጅ በይዞታው ላይ እኩል ላይታዩ ይችላሉ።

ግን እዚህ ላይ የቡናው አገር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ገበሬው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ የራሱ ሀብት ነው፤ ሊያወርሰውም ይችላል። ዓመት ከዓመት የተንከባከበው የቡና ተክል፣ ኮረሪማውና ቁንዶ በርበሬው እንደዚሁ ዋጋ ያላቸው ሀብቶች ናቸው። ይዞታው ለአንዱ ወራሽ ቢተላለፍ እንኳ ሌሎቹ ከተክሉ ግምት ድርሻቸውን መጠየቅ ይችላሉ። በክፍፍል ጊዜ «መሬት አይወረስም» ተብሎ ብቻ የቡና ግምት የቀረባቸው ወራሾች ጉዳያቸውን እንደገና ሊያዩት ይገባል።

ሚስቲቱን በተመለከተ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚሰጠው በባልና በሚስት በሁለቱም ስም ነው። ባል ሲሞት የእሷ የይዞታ መብት አብሮ አይሞትም። ወንድምየው «የአባታችን ነው» ሲል የሚጠየቀው ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ነው። ደብተሩን ለማንም ማስያዝ፣ ለማንም ማዋስ አያስፈልግም። ከዘመድ ወይም ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብላ «ቡናውን ነው የሸጥኩት» ወይም «ስጦታ ነው» የሚል ወረቀት ላይ የምትፈርም ባልቴት ሳታውቀው መሬቷን እንደሸጠች ተቆጥራ ለክርክር ልትዳረግ ትችላለች። የመሬት ሽያጭ በምንም ስም ቢጻፍ በሕግ ፈራሽ ነው። ማከራየት ግን ይቻላል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ የባለይዞታዎቹ ስምምነት ኖሮበት፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ኑዛዜ ቢኖርስ? ሟች ለሚስቱ ማውረስ የሚችለው በኑዛዜ ነው፤ ስለዚህ የሚወዳትን ሚስቱን ሊያስብላት የሚፈልግ ሰው በሕይወት እያለ ይጻፍ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎና ተነቦ ወዲያው ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሰው ብቻውን መጻፍም ይችላል። ያኔ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ፣ ቀን አስፍሮ መፈረም አለበት። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ በሁለት ምስክር ፊት በቃል የሚነገረው ኑዛዜ ደግሞ ከቀብርና ከልጆች ሞግዚት ጉዳይ እንዲሁም ከአነስተኛ ስጦታ አያልፍም፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ 3 ወር ከኖረም ይሰረዛል። «ሲሞት ቤቱን ለእኔ ነው ብሎኛል» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁን ከውርስ ሊነቅል የፈለገ ተናዛዥም ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ ይኖርበታል።

ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያወጣሉ። የሞት ምስክር ወረቀትና ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። የሟችን ሀብት ያለአግባብ የያዘን ሰው የሚከስ ወራሽ መብቱንና የንብረቱን በሌላ ሰው መያዝ ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። «ዘመድ ነው፣ ይስተካከላል» እያለ የሚጠብቅ ሰው ሦስቱ ዓመት ሳይታወቀው ያልቃል።

ይህ 3 ዓመት ከሥራው ገንዘብ ጋር እንዳይምታታ አደራ። እዚያ ጊዜው በጣም ያጠረ ነው።

አባወራው 9 ዓመት ሠርቷል ብለናል። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ውሉ በሕመም ወይም በሞት ሲቋረጥ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየታከለ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለእርሱ 30 ሲደመር 80፣ የ110 ቀን ደመወዝ ይሆናል። በቀን 200 ብር ያገኝ ከነበረ 22,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ የሚቀበሉት በእሱ ይተዳደሩ የነበሩት ጥገኞቹ ናቸው። ያልተከፈለው ደመወዝና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሒሳብም አለ። ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ከሆነ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጥገኞቹ ካሣ የሚከፈልበት አሠራር በአዋጁ ተደንግጓል።

ጡረታው ደግሞ ለብቻው ነው። በግል ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ሟች ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ከነበረው ሚስቱ የጡረታ አበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ። ጡረታ የውርስ አካል አይደለም። ወንድም፣ አበዳሪ ወይም ሌላ ወራሽ «ከውርሱ ጋር ይደባለቅ» ሊል አይችልም። ሚስት በውርስ ሕጉ ያልተሰጣትን ቦታ የጡረታ ሕጉ ይሰጣታል።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች መጠየቅ ያለባቸው መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄም ገደቡ 6 ወር ነው። «ሐዘንሽ ይውጣልሽና ትመጫለሽ»፣ «ሒሳብ ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነው» እየተባለች ስትመላለስ 6 ወር ያለፈባት ሴት ገንዘቡን ልታጣ ትችላለች። ከድርጅቱ ጋር በሰላም መነጋገሩ መልካም ነው፤ ጥያቄውን ግን በጽሑፍ አቅርቦ የደረሰበትን ቀን ማስፈረም፣ አራተኛው ወር ካለፈ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይሻላል።

ይህ ቀነ ገደብ በሕይወት ላለውም ሠራተኛ ይሠራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች፣ በግል ባለሀብቶች ማሳና በየመፈልፈያ ጣቢያው ብዙ ሰው ይሰበሰባል። የበበቃው እርሻ ብቻውን ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። አብዛኛው ለቃሚ ወረቀት ሳይፈርም፣ እሸት ቡናውን በኪሎ እያስመዘነ የሚሠራ ነው። ብዙዎቹ «እኔ በኪሎ ነኝ፣ ሠራተኛ አይደለሁም» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ደመወዝ በኪሎ መታሰቡ የሠራተኛነትን መብት አያስቀርም፤ ውልም በቃል ሊደረግ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ሠራተኛው በሕግ የተሰጡትን መብቶች አያጣም።

ለወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ሕጋዊ ነው፤ ለቀማው ሲያልቅ ውሉ ያልቃል። በዓመት ውስጥ ሳያቋርጥ ሲያርም፣ ሲገርዝ፣ ችግኝ ሲያፈላ የሚከርም ሠራተኛ ግን በየሦስት ወሩ አዲስ ወረቀት ስለፈረመ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚቻለው በአዋጁ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀናት ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ መሥራት የለበትም፤ ከእናቱ ጋር ለቀማ የሚወጣው ሕፃን በድርጅት መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ምክንያት የለም። አሠሪው ለምግብ፣ ለብድር ወይም ለጎደለ መሣሪያ በሚል ከደመወዝ የሚቆርጠው በወር ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

ያለ በቂ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ ከፈለገ ከተባረረበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ይህ ከሁሉም አጭሩ ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ በመመለስ ፈንታ ካሣ ከወሰነ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ለነበረ ሠራተኛ የካሣው መነሻ አማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። ውል ሲቋረጥ ያልተከፈለ ሒሳብ ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ይኖርበታል። ካለበቂ ምክንያት የዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ማስረጃው ትንሽ ደብተር ነው። በየቀኑ የተመዘነውን ኪሎ፣ የተከፈለውን ብርና ቀኑን የሚጽፍ፣ የሚዛን ወረቀቱን የሚያስቀምጥ ወይም በስልኩ ፎቶ የሚያነሣ ለቃሚ ችሎት ፊት ባዶ እጁን አይቆምም። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም አብሮት የሚሠራ ጓደኛውን ያስጽፍ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ ጉዳያቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። ይህ መስተካከል ያለበት ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፍቺና ልጅ አጠር አድርጌ እናገራለሁ። ፍቺ በሁለቱ ስምምነት ወይም በአንዱ ጥያቄ ይፈጸማል፤ የጋራ ሀብት ለሁለት ይከፈላል። ሚስት «አንቺ ነሽ ፍቺ የጠየቅሽው» ተብላ ድርሻዋ አይቀነስም። የልጅ ቀለብ የሁለቱም ወላጆች ግዴታ ነው፤ መጠኑ በከፋዩ አቅምና በልጁ ፍላጎት ይወሰናል። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ልጅ ማጋባት በወንጀል ያስቀጣል።

ልጅን የማሳደግ መብት ሲነሣ አንድ ፍርድ መታወቅ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. የወሰነው ጉዳይ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ በአክስቱ እጅ አድጓል፤ ለረጅም ጊዜ ያላሳደገው አባት ልጁ ይሰጠኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች በቤተሰብ ሕጉ በሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚት ነው ብለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በሕፃናት መብት ስምምነት የሕፃኑ ጥቅም ቅድሚያ አለው በማለት ውሳኔያቸውን ሽሮ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲኖር ፈረደ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በሚዛንም ሆነ በቴፒ የወንድሟን ልጅ የምታሳድግ አክስት ወይም የልጅ ልጇን የያዘች አያት ይህን መዝገብ ቁጥር ጠቅሳ መከራከር ትችላለች።

ሽምግልና በአካባቢው ትልቅ ቦታ አለው፤ በመሬት ክርክር የቀድሞው የደቡብ ክልል ሕግም መጀመሪያ ሽማግሌዎች እንዲያዩት ይፈቅዳል። መልካም ነው፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ጎረቤትን ያስታርቃል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በሐዘን ላይ ያለች ሴት አሥር ወንዶች በተቀመጡበት ዝም ማለቷ ስምምነት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ያልገባትን ወረቀት አትፈርም፤ ካላመነችበት «ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ» ማለት መብቷ ነው።

የሥራ ክርክር ያለበት ሰው መጀመሪያ የወረዳውን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማማከር ይችላል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም። በሌላ ጉዳይ የዳኝነት መክፈል የማይችል ደሃ ከቀበሌው ማስረጃ አውጥቶ በደሃ ደንብ ክስ ማቅረብ ይችላል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠየቃል፤ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

ይህን ያነበባችሁ፣ በለቀማ ላይ ያለ ዘመድ ወይም ባሏ የሞተባት ጎረቤት ካለቻችሁ ሦስቱን ቀኖች ንገሯቸው፦ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ላልተከፈለ ደመወዝ 6 ወር፣ ለውርስ 3 ዓመት። ሰነዶቻቸውን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደ ወረዳው ይሂዱ።